የከበደኝ ፍሪሲዮን

ቅዳሜ፣ የካቲት 4 ቀን 2009

ፍሪሲዮኑ ዛሬም ከበደኝ። እዚህ ጅቡቲ፣ ወደ ባልባላ በሚወጣው ዳገት መሀል ከፊቴ ሚኒባስ ቀጥ አለና መቆም ግድ ሆነብኝ። በግራ እጄ የፍሪሲዮኑን እጀታ ስስበው ግማሽ መንገድ መጥቶ እምቢ አለ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ከኋላዬ አንድ ተሳቢ ጡሩንባውን ለቀቀብኝ፣ ዞሬ ሳይ የኢትዮጵያ ታርጋ ነው። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ለልጅዎ ይስጡት!» አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ልጅም የለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያው መንገድ ላይ ተሳቢ እየነዳሁ ጡሩንባ ስነፋ የኖርኩት እኔው ነኝና ምን እለዋለሁ። እየገፋሁ ዳር አወጣሁት።

ሞተር ብስክሌቱ አዲስ ነው። የመቀመጫው ላስቲክ እንኳን ጨርሶ አልተላጠም። ቀይ፣ ወደ ፊት ያጎነበሰ፣ የእሽቅድምድም ዓይነት። ከዱባይ በሣጥን ያስመጣልኝ ሮብሌ ነው። ሮብሌ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር የሞተር ዕቃ ይሸጣል። የጅቡቲ ሰው ቢሆንም ያደገው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛው ምንም አይወጣለት፣ በተለይ ስድቡ።

ዋራበሌ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ያለነው አልጋዬ፣ ሞተሩና እኔ ነን። ባለቤቴ ወይንሸት መጀመሪያ ያየችው ቀን «እና እኔ የት ልተኛ?» ነው ያለችው። እሷ ኤሮን ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። አርብ አርብ ብቻ ነው የምትመጣው። እኔም እዚህ የምገኘው መኪናዬ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ነው። ትዳራችን እንደ ወደቡ ወረፋ ነው እንላለን፣ ስንስቅ።

የፊታችን አርብ እነ ሮብሌ ናጋድ ይሽቀዳደማሉ። ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ ወዲያ መኪና ያለመደው ሰፊ አስፋልት አለ፤ አሮጌ ጎማ ደርድረው መዞሪያ ያበጁለታል። እገባለሁ ብያለሁ። በዚህ ፍሪሲዮን ግን እንኳን ልሽቀዳደም፣ ዳቦ ቤትም አልደርስ።

እሑድ

እጀታውን ፈታሁ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ገጠምኩ። ያው ነው። እንደገና ፈታሁ። ያው።

ሮብሌ ጋ ወሰድኩት። ጫቱ ከመምጣቱ በፊት ደረስኩበት፤ ከመጣ በኋላ በዚህ ከተማ ማንንም ሰው ሥራ ላይ አታገኘውም። ሮብሌ በሁለት ጣቱ ሳበው። ለቀቀው። ደግሞ ሳበው።

«ዋላል» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «ቅቤ ነው ይሄ!»

«ስትነዳው ነው የሚከብደው።»

«አንተ ነህ የምትከብደው። ተሳቢ ለምደህ።»

ቢሆንም ገመዱን ቀይርልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። አዲስ ሞተር ላይ ገመድ ሲቀይር በሶማልኛ የሚያጉረመርመው ነገር መቼም ምርቃት አይመስለኝም።

ትራንዚተሩ ደወለ። የማዳበሪያው መርከብ ገና ወረፋ ላይ ነው፣ ጭነት ከቅዳሜ በፊት የለም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሳጭ ነበር።

ሰኞ

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። ልጻፈው፣ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ የለኝም።

ማለዳ ፀሐይ ሳትከር በዌዓ መንገድ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው። መቆም ስለሌለ ፍሪሲዮኑን የሚነካውም የለ። ማርሹን አስገብቼ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ ለምን ገዛኸው ይለኛል፣ ወይንሸትም፣ የመኪናው ባለቤትም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌላ ተሳቢ ቂጥ እያየሁ ነው። ዳገት ላይ ሰው በእግሩ ይቀድመኛል። አንድ ቀን እንኳን ከፊቴ ማንም ሳይኖር፣ ከኋላዬ የምጎትተው ሳይኖር መሄድ አማረኝ። ይኸው ነው ምክንያቱ። ዛሬ ሄድኩ። ሄልሜቱ ውስጥ ዘፈንኩ፣ ድምፄ አህያ ነው።

እንደተመለስኩ ሰንሰለቱን ላጠብቅ ቁጭ ብዬ፣ ጸጉር ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት ሸተተኝ። ዙሪያዬን ፈለግሁ። የአከራዬ የማዳም ፋጡማ ልጆች ላስቲክ ያቃጠሉ መስሎኝ ወደ ግቢዋ ሁሉ ተመለከትኩ። ከዚያ ወደ ታች ሳይ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጭስ ማውጫው ላይ ተደግፋለች። እዚያው ላይ ናት። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ሕመሙ ግን እስካሁን አልመጣም።

ማክሰኞ

እጄን ፈተንኩት። በመርፌ።

አውራ ጣት ደህና። ሌባ ጣት ደህና። የመሀል ጣት ደህና። የቀለበት ጣት በአንድ ጎኗ ብቻ። ትንሿ ጣት የለችም። ትታያለች እንጂ የለችም።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። ከቀኙ ጋር አስተያየሁት። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ሸሚዜን ስቆልፍ ለምን እንደምበሳጭም አሁን ገባኝ። እኔ ቁልፉን ነበር የምረግመው። ፍሪሲዮኑ ምንም የለውም ማለት ነው። ሮብሌን በከንቱ ገመድ አስቀየርኩት።

አገሬ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ ነበር። ጣቶቹ አሁን የእኔ ሁለቱ እንደጀመሩት ወደ ውስጥ የታጠፉ ነበሩ። እናቴ በሩቁ ሳንቲም ስትወረውርለት «መጀመሪያ እሳት አቃጥሎት ሳያመው ቀረ» ትለን ነበር። ቃሉን ልጻፈው፦ ቁምጥና። በደህናው አነጋገር የሥጋ ደዌ። ጻፍኩት፤ አልቀለለኝም።

ወይንሸት የምትጠጣበትን ብርጭቆ አጥቤ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ፎጣዋንም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሞተሩ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል። መውደቂያዬን ነው አዲስ የገዛሁት።

ረቡዕ

አልደወልኩላትም። ራሷ ደወለች። «ምን ሆነሃል?» አለች ገና «ሃሎ» ስል። ምንም አልኩ። «ጌታሁን፣ ምን ሆነሃል?» ነገርኳት። «ከቤት እንዳትወጣ» ብላ ዘጋችው።

ፈረንሳዊቷን ማዳሟን አስፈቅዳ መጣች። እንዳትነካኝ ወደ ኋላ ስሸሽ ገፍታኝ ገባችና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ብርጭቆዋን ተጠቅልሎ ስታይ ፈታ ውሃ ቀድታ ጠጣችበት።

ማዳም የምትታከምበት ሐኪም ጋ ሄድን። ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚናገረው። የወይንሸት ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ነው፤ ድስት፣ መጥረጊያ፣ ልጁ በላ አልበላም። ቁምጥና ነው ወይ ብለሽ ጠይቂው አልኳት። ቃሉን አታውቀው። ጣቶቿን አጥፋ ፊቱ ዘረጋችለት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ሐኪሙ ገባው። ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም።

ከዚያ ግራ ክርኔን አገላብጦ አየው። ቆዳው ጠቁሮ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ውስጡን በጣቱ ቆረቆረው፣ እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ሥራዬን ጠየቀ። ሹፌር ስትለው ከወንበሩ ሳይነሳ መስኮት ላይ ክንዱን እንደሚያሳርፍ ሰው ሆኖ አሳየኝ። እኔን ቁጭ! ሃያ ዓመት ያ ክርን ከመስኮቱ ወርዶ አያውቅም። እዚያ ላይ ነው እጅን የሚያዘው ነርቭ የሚያልፈው። ቀስ በቀስ ጨፍልቄዋለሁ። መኪና ላይ ማርሹ በቀኝ፣ ፍሪሲዮኑ በእግር፤ ግራ እጄ መሪ ከመደገፍ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ለዚህ ነው ሳልነቃ የኖርኩት። ያነቃኝ ሞተሩ ነው።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፣ በጣም ብዙ። ወይንሸት ያስተረጎመችልኝ ግን አጭር ነው፦ ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ አለ፣ እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ የሄደው ላይመለስ ይችላል፣ ሞተሩን ተው።

«ሌላስ ምን አለ?»

«በቃ እሱን ነው ያለው።»

ሐሙስ

ቁምጥና አይደለም። ትናንት ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ባዶ ሆነ።

ጓደኞቼ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ባቡሩ ነው። ባቡሩ እንጀራችንን ይወስዳል። እኔም እሱን ነበር የምፈራው። ክርኔ ቀደመው።

ሮብሌ ጋ ሄጄ ሞተሩን ሽጥልኝ አልኩት። እጄን አየ፣ ጉድጓዱን በአውራ ጣቱ ነካው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰድበኝ ቀረ። «ነገስ?» አለ። ነገ ምን? «ናጋድ። እዚያ ማን ያቆምሃል? መነሻውን እኛ እንገፋሃለን። ሲሮጥ ማርሽ ያለ ፍሪሲዮን ይገባል፤ ጋዙን ለቀቅ፣ በእግርህ ነካ፣ ገባ።»

«ማቆሚያውስ?»

«ማቆሚያውን ስትደርስ ታስባለህ።»

ሐኪም ትናንት ተው ያለኝን ነገ ላደርገው ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ግን ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?

አርብ፣ የካቲት 10

ወይንሸት በማለዳ መጣች። ሰኞ ጾም ስለሚገባ፣ የምንገናኘው አርብ ብቻ ነውና እግዜር ይቅር ይበለን፣ የቅበላ ብላ ቅቅል በፔርሙስ ይዛለች። ናጋድ እንደምሄድ ስነግራት ትጮሃለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አጣፋች። «እኔም እሄዳለሁ።»

አንዱ ጎማ ላይ ተቀምጣ ዣንጥላ ዘርግታ አየችኝ። ሮብሌና ሌላ ሰው ገፉኝ፣ ማርሹን ረገጥኩ፣ ዘሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ግራ እጄ አላስፈለገኝም። እውነቴን ነው። ጋዙን ለቀቅ፣ ነካ፣ ገባ። ማንም አይቆምብኝም፣ ማንም መንገድ አይዘጋብኝም። ጎማዎቹ ጋ ስዘነብል ጉልበቴ ከአስፋልቱ በጣም አይርቅም ነበር። ከጀማሪዎቹ ሁለቱን ቀደምኩ። አንደኛው እኔ አባቱ ልሆን የምችል ልጅ ነው። በግራ እጄ ትንሿ ጣት ቦታ ነፋስ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

ማቆሚያው ላይ ወደቅኩ። ማርሹን ወደ አንድ አወረድኩ፣ በቀስታ መጣሁ፣ ፍሪሲዮኑን ስስበው ያው ግማሽ ላይ ቀረ። ተንገጫግጮ ጠፋና በቁሙ ጎኔ ላይ ተኛ። ሕፃን እንኳን በዚያ ፍጥነት አይወድቅም። አንድ መስታወት ተሰበረ። ሰዎች ሳቁ፣ ሮብሌ ቀድሞ። እኔም ተነስቼ ሳቅሁ። ወይንሸት ብቻ እጄን ገልብጣ አየችው። መዳፌ ጫፍ ላይ ቆዳው ተገሽልጦ ደም ይወርዳል። አላወቅኩም ነበር።

መመለሻው ነው ጉዱ፤ ማለዳ ባዶ የነበረው መንገድ አሁን ሞልቷል። ከናጋድ እስከ ዋራበሌ መንገድ ሁሉ መቆም፣ መነሳት ነው። እዚሁ ትቼው ልሂድ ስል ወይንሸት ያቺ ጠባብ የኋላ መቀመጫ ላይ ወጣች። ግራ እጇን በብብቴ ሥር አሾልካ እጀታውን ያዘች።

«እኔ ልሳብልህ። መቼ እንደሆነ ንገረኝ።»

እንዲህ ሆነን ከተማውን አቋረጥን። «ሳቢ» ስል ትስባለች፣ እኔ ማርሽ አስገባለሁ፣ «ልቀቂ» ስል ትለቃለች። መጀመሪያ ቶሎ እየለቀቀች ሁለት ጊዜ ጠፋብን። የባልባላ ዳገት ላይ ከሚኒባሱ ኋላ ስንደርስ ግን ሳልነግራት ሳበች። የፈረንሳይ ወታደሮች ከመኪናቸው ሆነው ፎቶ አነሱን። ጆሮዬ ሥር ትስቅ ነበር። ከተጋባን ወዲህ አብረን ከሠራነው ሁሉ ይሄ ሳይበልጥ አይቀርም።

ቤት ገብተን ቅቅሉን በላን። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። ከማዳም አሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ቆርጣ፣ በወፍራም ጨርቅ ሰፍታ፣ ማሰሪያ ሠርታለታለች።

«ምንድን ነው?»

«ለመኪናው መስኮት።»

እኔ ተው የተባልኩት ሞተሩን ብቻ መስሎኝ ነበር። አየኋት። ጨርቁን እያጣጠፈች ነገረችኝ። ሐኪሙ መኪናውንም ተው ብሏል። ቢበዛ አንድ ዓመት፣ ከዚያ መሪ መያዝ ያቅተዋል፣ ድንበሩ ጋ ጋላፊ ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል ብሏል። ረቡዕ ልትነግረኝ አቅቷት ነው። «ከቁምጥናው ባረፍክበት ቀን እንዴት ልንገርህ?»

መንዳት ነው የማውቀው። ሌላ ምንም አላውቅም። ይህን ስላት አንገቷን ደፋች። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ሞተሩን አየችና «አትሽጠው» አለች። «አርብ አርብ እኔ እስባለሁ።»

ቅዳሜ

ጭነቱ ዛሬ ወጣ። ማዳበሪያ። ስፖንጁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስሬ ተነሳሁ።

ዌዓ ሳልደርስ ክርኔ እዚያው ላይ ነበር። መቼ እንዳሳረፍኩት አላውቅም። አነሳሁት። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ተመልሶ ሄዷል። መስኮቱን ዘጋሁት። ጋቢናው እንደ ምጣድ ሆነ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፍተሻው ጋ ለመቆም የመኪናውን ፍሪሲዮን በእግሬ ስረግጥ አፌ ብቻውን «ሳቢ» አለ። ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ አንድ መታጠፊያ ላይ መሪው ከግራ እጄ ትንሽ ሾለከ። በቀኙ መለስኩት። ምንም አልሆነም። ከፊት የሚመጣ መኪናም አልነበረም።

አሁን ዲኪል ቆሜ ነው የምጽፈው። ወይንሸት ደውላ «ስፖንጁ እንዴት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው የምነዳው አልኳት። ጎበዝ አለችኝ። ነገ ጋላፊ ነው። መስኮቱ ግን ክፍት ነው፣ ክርኔም እዚያው ላይ።