አባባ ማማሰያ ይዞ የሮጠ ጊዜ

ሸዋ ሮቢት፣ በጥር ማለቂያ

ይድረስ ለምወድሽም ለተናደድሁብሽም እናቴ፣
ደብረ ሲና

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ የደብረ ሲና ብርድ ወገብሽን ምን አደረገው? ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበሽ እሳት ዳር እንደምትውዪ አጎቴ ነግረውኛል። ሠላሳ ዓመት ቆላ የኖረ ሰው ለጭጋግ ምን አስኬደው አልሁ። እኛ ከንዴት በቀር እጅግ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ላሟ ደህና ናት። ማንጎው አብቧል። እትዬ ሐቢባም ከአጥሩ ማዶ «ያ ረቢ፣ ልቧን አራራልን እያልሁ በየሶላቴ እጠይቃለሁ በያት» ብለዋል።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክሽን መደርደሪያው ላይ ጥለሽው ስለሄድሽ ነው። በአጎቴ ስልክ ስደውል አንድ ጊዜ «እየጸለየች ነው»፣ አንድ ጊዜ «ጋደም ብላለች»፣ ሌላ ጊዜ «አሁን ወጣች» ይሉኛል። መንኩሰሽ ከሆነ ቁርጡን ንገሪንና እንረፈው። ይህን ወረቀት እትዬ ሐቢባ ለገበያ ሲወጡ በእጅሽ ይሰጡሻል። ማንንም እንዳታስነብቢ፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረሻል። መነጽርሽንም አብሬ ልኬልሻለሁ። ስትሄጂ እሱንም ረስተሽው ነበር።

ያን ቀን የሆነውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ሰው ሁሉ እንዳሻው ሲያወራው ስለሰማሁ፣ እኔ ያየሁትን ላስታውስሽ። የማሾ ለቀማ ደቦ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ገበታ እንዲበላ ብለሽ፣ እንደ ልማድሽ፣ በትልቁ ድስት ሽሮ ሠራሽ። አባባ ያ ሁሉ ለቃሚ በተቀመጠበት አንድ ጊዜ ጎረሰና «ምነው ዛሬ ወጡ ቀጠነሳ! የሮቢ ወንዝ ገባበት እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ማማሰያውን ከድስቱ አወጣሽና፣ እየተንጠባጠበ፣ እጁ ላይ አስቀመጥሽው። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተ አማስለው» አልሽና ነጠላሽን አጣፍተሽ ወጣሽ። እኛ እኮ ጓሮ የሄድሽ መስሎን ነበር። ደብረ ሲና መግባትሽን የሰማነው በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማንሰማው የለም። «ወጥ ቀጠነ ተብሎ ቤት ይፈርሳል ሲባል ተረት ይመስለን ነበር» ይላል ጎረቤቱ። ነገሩ ወጡ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ እማዬ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ያላለ ሰው፣ አፉን የከፈተ ለታ ለዚያ መክፈቱ ነው። ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ሽማግሌ ላክባት ብዬ ለምኜዋለሁ። «እኔ ለሽሮ ሽማግሌ አልልክም» አለ። አንቺ ደግሞ «ሽማግሌ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም» አልሽ ተባለ። ሁለታችሁም እዚህና እዚያ ሆናችሁ ስትኮሩ፣ መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ቀን ከገበሬው ጋር ሽንኩርት ሳስመዝን እውልና ማታ ያረረ ድስት እፈገፍጋለሁ።

ያረረ ድስት ከየት መጣ ትዪ ይሆናል። አባባ ነዋ! «አንተ አማስለው» ያልሽውን ሰውዬው እንደ ትእዛዝ ይዞታል። ከሄድሽ ጀምሮ ወጥ የሚሠራው እሱ ነው። እኔ ልሥራ ስለው «እናትሽ ያዘዘችው እኔን ነው፤ አንቺን ስምሽን አላነሳችም» ይለኛል። አንድ ቀን ያርራል፣ አንድ ቀን ሾርባ ይሆናል። በርበሬውን በጭልፋ ነው የሚጨምረው። ሆዴ ተላጠ እማዬ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የሩጫው ነገር የመጣው። ጥምቀት እንዳለፈ እዚህ ያሉ የስፖርት ኮሚቴዎች የቤተሰብ ዱላ ቅብብል አሰናዱ። ከደብረ ሲና ተነስቶ፣ በአርማኒያና በሸዋ ሮቢት አልፎ ጀውሃ የሚያልቅ፣ አራት ሰው ተቀባብሎ የሚጨርሰው ማራቶን ነው። ዘመድና ጎረቤት ይቀላቀል፣ ከየቡድኑ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ይኑር፣ ዱላውንም እያንዳንዱ ከቤቱ ያምጣ ተባለ። እኔና የእትዬ ሐቢባ ልጅ ጣሪቅ ተመዘገብን። ታምራትም ገባ። ታምራት ማለት የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ ላማችን ጡቷ ያበጠ ጊዜ መጥቶ ያከማት፣ የማጀቴው ልጅ። እሷ ከዳነች ቆይታለች፤ እሱ ግን አሁንም ብቅ እያለ ይጠይቃታል። ሸበቶ ከየት እናምጣ እያልን ስንጨነቅ አባባ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ አለሁ» አለ።

አባባ! ከቤት እስከ ገበያ ባጃጅ ካልመጣልኝ የሚለው ሰውዬ! ያውም የመጀመሪያውን፣ ከደብረ ሲና የሚነሳውን ካልሰጣችሁኝ አለ። ቁልቁለት ጉልበት ይፈጃል፣ ሜዳውን ውሰድ ብንለው አሻፈረኝ አለ። ጣሪቅማ «ጋሼ በላይ ቁልቁለቱን የፈለጉት ሲደክማቸው ሊንከባለሉበት ነው» ብሎ ሳቀ። አባባ መልስ አልሰጠውም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን፤ አባባ ተሰድቦ ዝም ሲል ታውቂያለሽ?

ዱላውም ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ። እኔ የመጥረጊያ እንጨት አስቆርጬ፣ ቀይ ቀለም አስቀብቼ አዘጋጅቻለሁ። አባባ በዋዜማው ወደ ደብረ ሲና ሊሄድ ሲነሳ ብብቱ ሥር ያየሁት ግን ማማሰያውን ነው። ያንኑ ማማሰያ! «አባባ፣ በወጥ ማማሰያ ሮጠን አገር ይሳቅብን?» አልሁት። «ከቤት አምጡ አይደል የተባለው? ይሄ የሰው ቤት ነው?» አለ። በሌላ እጁ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥሏል። የሚሮጥ ሰው ምሳ ይዞ ይሄዳል ወይ ብለው «ቢርበኝስ» አለኝ። ልጮህ ስል ታምራት «ተዪው፣ ትልቅ ሰው ነው» አለኝ። ከላሟና ከእኔ ሌላ የሚመክረው ሰው የለውም መሰለኝ።

በሩጫው ቀን እኔ አርማኒያ መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ፣ ጣሪቅ ሸዋ ሮቢት መግቢያ፣ ታምራት ደግሞ ከከተማው ማዶ ቆመዋል። መጀመሪያ የመጡት የማጀቴ ጎረምሶች ናቸው፤ የከብት ልምጭ ይዘዋል። ቀጥለው የጀውሃ ምግብ ቤት ሴቶች ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ መጡና አለፉ። ከዚያ አንድ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጥምጣማቸው ሳይዛነፍ፣ ወረዱ። ልጃቸው መቋሚያውን ተቀበለቻቸውና እሷም ሄደች። ቄሱም አለፉኝ እማዬ! ፀሐይዋ መክረር ጀመረች። የኮሚቴው ልጅ ጠጋ ብሎ «እህት፣ ቡድን አለሽ ወይስ ተመልካች ነሽ?» አለኝ። ወደ አባባ ስልክ ብደውል ዝግ ነው።

መጀመሪያ ተናደድሁ። እየቆየ ግን ፈራሁ። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ታውቂዋለሽ፤ የጭነት መኪናው ፍሬን ሲያጣ፣ ገደሉ ሰው ሲያጎድል ስንት ሰምተናል። «ምን ሆኖ ይሆን» እያልሁ ሽቅብ መራመድ ጀመርሁ። እንባዬ መጣ። ያቺን «ሾርባ ሠራህ» ያልሁትን ቃል አስታወስሁ። እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አባባ ጋቢና ተቀምጦ ከሾፌሩ ጋር ቆሎ ይቆረጥማል!

አስፋልቱ መሐል ቆሜ የጮህሁትን አልጽፍልሽም፤ ቄሱ ቀድመው መሄዳቸው በጀኝ። ዱላውስ አልሁት። «አቀብያለሁ» አለ። ለማን ብለው ቆሎ ዘገነልኝ። የሚቀበለው ሰው እኔ ነኝ እኮ ብለው በሩን ከፈተልኝ። «ግቢ፣ ሰዉን መንገድ አታስጠብቂው» አለኝና ጠጋ አለልኝ። እትዬ ሐቢባ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ የውሃ ጀሪካን ይዘው ቆመው ነበር። የድንች መኪናው ውስጥ ሲያዩን ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣሉት። እሳቸውንና ጣሪቅን ጫንን፣ ከከተማው ማዶ ታምራትን ጫንን፣ ጀውሃ ገባን። የኮሚቴው ሰውዬ በድምፅ ማጉያ «አሁን ደግሞ ከድንቹ ጋር የጋሼ በላይ ቤተሰቦች እየገቡ ነው» ብሎ ሕዝቡን አሳቀብን።

ጀውሃ ምሳ ቤት ከተቀመጥን በኋላ እትዬ ሐቢባ አፋጠጡት። «በላይ፣ በአላህ፣ ዛሬ ሳትናገር ከዚህ አትነሳም» አሉት። አባባ እንጀራውን ቁልቁል እያየ ነገረን። አንቺ ነበርሽበት፤ ግን እሱ እንዴት እንደነገረን ስሚው።

ሩጫው ሲጀመር ከሁሉም ጋር ሮጧል። የአጎቴ በር ላይ ሲደርስ ግን ከመንገዱ ወጣና አንኳኳ። የከፈትሽለት አንቺ ነሽ። ከቤቱ ጀምሮ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ አንቺን ሲያይ በሙሉ ጠፋበት። ማማሰያውን ሰጠሽ። ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አሳየሽ፤ በዋዜማው ሌሊት ተነስቶ የሠራው ሽሮ ነው። ከዚያ «እኔ ሳማስለውም ቀጠነ» አለሽ። በቃ። አንቺ ማማሰያውንም ምሳ ዕቃውንም ተቀበልሽና በሩን ዘጋሽ። እሱ ወደ መንገዱ ሲመለስ ሯጩ ሁሉ ሄዷል፤ ጉልበቱም እምቢ ብሎታል።

እትዬ ሐቢባ «ይህችን ለማለት ማራቶን ያስፈልግ ነበር?» አሉት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «በመኪና ሄጄ ባንኳኳ ሰው ሊታረቅ መጣ ይለኛል። የሚሮጥ ሰው ግን መንገደኛ ነው» አለ። ጣሪቅ ሳቀ። እኔ ልስቅ ስል አባባ ዓይኑን በመዳፉ ሲጠርግ አየሁና ተውሁት። በርበሬው ነው አለ። በዚያ ምሳ ላይ እማዬ፣ በርበሬ አልነበረም።

ይሄ ይቅርታ ነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ቢያንስ ግን ቀጭን ይቅርታ ነው። ከአባባ ከዚህ ወፍራም ይወጣል ብለሽ ከጠበቅሽ እዚያው ብርድ ላይ ታረጃለሽ። እሱ አሁን ወጥ መሥራቱን ትቷል። ማማሰያ ልግዛ ስለው «ማማሰያማ አለን፤ ደብረ ሲና ነው» ይላል። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር አንገቱን ወደ መንገድ ያወጣል። ደረቅ እንጀራ በሚጥሚጣ እየበላን ነው።

እስቲ ደግሞ አንቺን ልጠይቅሽ። ካልፈለግሽው ለምን ተቀበልሽው? ደጅ ላይ ትጥዪው አልነበር? በዚህ ሩጫ ሕግ ዱላውን የያዘ ሰው ይሮጣል፤ ይዞ ቤት መቀመጥ የለም። ምሳ ዕቃውም አለ። የሰው ዕቃ ሞልቶ መጥቶ ባዶውን እንደማይመለስ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለጎረቤት እንኳ ሳህን ባዶውን መልሰሽ አታውቂም። ለአባባ ስትመልሺለት ምን እንደምትሞዪበት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ብቻ በሰው እንዳትልኪው።

ሌላም አለ፤ እንዴት እንደምጽፈው ጠፋብኝ። ከማጀቴ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ዐቢይ ጾም ሳይገባ ወደ ቤታችን ብቅ ሊሉ አስበዋል አሉ። ለምን እንደሚመጡ እኔ ምን አውቄ። ግን የቤቱ እናት ያልተቀመጠችበት ቤት አይገቡም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አባባ ይህን አያውቅም። እትዬ ሐቢባ ያውቃሉ፤ ሳልነግራቸው ነው ያወቁት።

ጌታ ጤናውን ይስጥሽ፤ ከብርድም ከኩርፊያም ያውጣሽ። አጎቴን ስለ ውሸታቸው ሁሉ ይቅር ብያቸዋለሁ በያቸው። እትዬ ሐቢባ ገበያቸውን ጨርሰው መናኸሪያው ጋ ይጠብቁሻል፤ ሲመለሱ ሁለት ቦታ እንዲይዙ ነግሬያቸዋለሁ። እኔም አርማኒያ መንገድ ዳር፣ ያንኑ ቦታ ላይ፣ እቆማለሁ። ዘንድሮ ጎረምሳውም፣ ባለሽርጧም፣ ቄሱም አልፈውኛል። አንቺ ግን እንዳታልፊኝ።

ሁለተኛዋ ሯጭ፣
ልጅሽ

ይህን ከጨረስሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ታምራት ዛሬም ላሟን ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ላሟ ግጦሽ ላይ እንደሆነች እያወቀ።