እሷ ከመጣች እመጣለሁ

ለታላቄ፣ ለእህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ ከራሴ በቀር ደህና ነኝ፤ ራሴ ግን ዞሮብኛል። ስልክ ላይ የእማዬ ስም ሲነሳ ስለምትዘጊብኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት ቆሜ የማስረዳው የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ነው። ምን እንደማጠና ስትጠይቂኝ አንድም ቀን በወጉ መልሼልሽ አላውቅም። መልሱ በራሱ ላይ የተንጠለጠለ ስሌት ነው። ከአንድ ግምት ተነስተሽ ታሰያለሽ፤ የወጣውን መልሰሽ ትከቻለሽ፤ የከተትሽው ራሱ ሲወጣ ጨረስሽ። ጣጣው አንዱ ስሌት በሌላው ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው። የውጪው አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር የውስጡ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሁለት ሲደራረቡ መቶው እርምጃ አሥር ሺህ ይሆናል፤ ሦስት ሲሆኑ ሚሊዮን። የእኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን በደቂቃ ጨረሰው። ጮቤ ረገጥኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መምህሬ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው የውስጡን ከምን አስጀመርሽው አሉኝ። ከባዶ አልኳቸው። እስክሪብቶ አነሱና ሁለት መስመር ጻፉልኝ። አንደኛው፣ ሁለተኛው እሺ ካለ እሺ እላለሁ ይላል። ሁለተኛው፣ አንደኛው እሺ ካለ እሺ እላለሁ ይላል። ሁለቱም እንቢ ብለዋል ብለሽ ብትጀምሪ እንቢ እንዳሉ ይቀራሉ፤ እሺ ብለዋል ብለሽ ብትጀምሪ እሺ እንዳሉ ይጸናሉ አሉኝ። ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው ብላቸው፣ ሁለቱም፤ የአንቺ ጥያቄ ግን የሚፈልገው እሺ ያሉበትን ነበር አሉ። ለካ የፈጠነልኝ ሳይጀምር እያለቀ ነው። ከሙሉ፣ ሁሉም እሺ ብሏል ብዬ ካስጀመርኩት ሁለት ቀን ሆነው፣ እስካሁንም አላለቀም። ለሐሙስ ይድረስ አይድረስ እንጃ።

ቤት እስክደርስ ያ ሁለት መስመር አልለቀቀኝም። እማዬን ለሐሙስ ስጠራት እሷ ከመጣች እመጣለሁ አለችኝ። አንቺም ቃል በቃል ያንኑ ነበር ያልሽኝ። የአባዬን ካፖርት ሳትጠይቅሽ ለሰው ሰጠች ብለሽ ካኮረፍሽ ሦስት ዓመት ሞላሽ። አንዳችሁ አንድ ቃል ባወጣችሁ ቁጥር ሌላዋ ከካፖርቱ ትጀምራለች። እኔም መሃል ላይ ቆሜ ሁለታችሁም እንቢ ብላችኋል እያልኩ ሳሰላ ከረምኩ። ደክሞኛል፣ እህቴ። ያለ እናንተ እዚያ መቆም አልፈልግም።

እና እማዬ ትመጣለች። እንዴት እሺ አለች ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም ልክ ልሥራ፣ ልሳሳት፣ አላውቅም። ከፊት ሁለት ወንበር ይዤላችኋለሁ፣ ጎን ለጎን። ለእሷም ዛሬ እየጻፍኩላት ነው፤ ሁለቱን ፖስታ አብሬ ነው የማስገባው። አደራ፣ እስከ ሐሙስ እንዳትደዋወሉ። ሦስት ዓመት የቻላችሁት ሦስት ሳምንት አያቅታችሁም።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽንም ያጽናልሽ።

ግራ የገባት ታናሽሽ