ቱንቢው ያልለካው

ዳባዬ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። ሁለቱን ክረምት ጫልቱ ልጃችን እጃጂ ከምታስተምርበት እየመጣች አብራኝ ነበረች። ይሄኛውን ግን ብቻዬን ከረምኩ። አንተ ባቆምከው ግድግዳ ተከብቤ ለአንድ ሰው ወጥ እሠራለሁ። ካላወራሁ እንደሚያመኝ ታውቃለህ፤ አሁን ግን የማወራው ከድስቱ ጋር ሆኗል። የምሥራች አለኝ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ልጽፍልህ እያልኩ የፈራሁት የሰጠሁህን ቃል ስላልጠበቅሁ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ቆርቆሮው በጓዳ በኩል ያፈስሳል። ጎረቤቱ ዛሬም “የኦቦ ዳባ ቤት” ነው የሚለው፤ ስሰማው ደስ ይለኛል።

ጫልቱ የግራ መንጋጋዋ ትንሽ ሆኖ፣ አገጯ ወደዚያው ዘሞ ስትወለድ ስንት ነገር ተባልን። አፏ እንደልብ ስለማይከፈት ጉርሻዋን የሽምብራ ፍሬ አሳክለህ ነበር የምታጎርሳት። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እያልክ። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በስድስት ዓመቷ፣ አዲስ አበባ ወስደን ከጎኗ አጥንት ተወስዶ መንጋጋዋ ላይ ተተከለ። እኔ እምቢ ብዬ ነበር፤ አንተ አሸነፍክ። ፋሻው የተፈታ ቀን፣ ግንበኛ አይደለህ፣ ግድግዳ የምታቀናበትን ቱንቢህን ከኪስህ አውጥተህ ከግንባሯ ላይ አንጠለጠልከው። ክሩ በአፍንጫዋ ወርዶ በአገጯ መሐል አለፈ። አለቀስክ። ነርሷ ልጅቷን ልታስርበት መስሏት ልትቀማህ ነበር።

ሐኪሙ እኮ ነግሮን ነበር። ልጅ ታድጋለች፣ ቀኙ ሲያድግ የተተከለው አጥንት እኩል ላያድግ ይችላል ብሎ። አንተ ግን የግድግዳ ሰው ነህ፤ አንዴ የቀና ቀና ነው አልክ። በየእንቁጣጣሹ በሩ ላይ አቁመህ ስትለካት ክሩ መጀመሪያ ከአገጯ መሐል ወጣ፤ በኋላ አንድ ጣት ራቀ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ቱንቢውን ሚስማር ላይ ሰቀልክና ሁለተኛ አላወረድከውም። ልጄን በከንቱ ቢላ አስነካኋት እያልክ ስትቆጭ የሰማሁህ እኔ ብቻ ነኝ። ልትሞት ስትልም እጄን ይዘህ፣ ዕድገቷ ሲያበቃ ድጋሚ አሠሪያት፣ በቱንቢው ትለፍ አልከኝ። እሺ አልኩህ።

አምና ክረምት አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሦስት ጣቷን አጣምራ አፏ ውስጥ እንድታስገባ አዘዛት፤ ገቡ። መንጋጋሽ ያኝካል ወይ አላት፤ ቆሎም ይቆረጥማል አለችው። ፊቷን ድጋሚ ማቃናት ይቻላል፣ ግን ምርጫው የእሷ ነው አለን። ስንመለስ አውቶቡሱ ጊንጪ ሲደርስ፣ እማዬ ፊቴን ድጋሚ አላሠራም አለችኝ። አባቴ ያሠራኝ እንድበላና እንድናገር ነው፤ ይኸው እበላለሁ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለውም ተማሪ ይሰማኛል። መጀመሪያ ሳምንት አፉን እያጣመመ ያሾፈብኝ ሁሉ ዛሬ ስጠራው ከመቀመጫው ይዘላል፤ አለችና ሳቀች። እኔ ያንተን እጅ አስቤ ከጊንጪ እስከ አምቦ ቃል አልተነፈስኩም። እኔ ዝም ስል አስበው።

በሚያዝያ ተዳረች። ባሏ እጃጂ ፖስታ ቤት የሚሠራ፣ ከእኔ የባሰ ለፍላፊ ነው። በሰርጉ ማዕድ ላይ ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ጠቅልሎ ሲያነሣ እኔ ደነገጥኩ፤ አሁንም የሽምብራ ፍሬዋ ትዝ ትለኛለች። እሷ ግን አፏን ከፍታ ተቀበለችው፤ ወደ ግራ አዛውራም አላመጠችው። አገጯ ዘሟል፣ አዎ። ግን ዳባዬ፣ ያ መንጋጋ አንተ ያስተከልከው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያኝክ፣ ሁለታችንም ክሩን ነበር የምናየው።

ይኸው ነው ጥፋቴ። ቃሌን አፍርሼ ደስ ብሎኛል፤ አንተም እንዳትቆጭ።

ቱንቢውን ከፎቶህ አጠገብ ሰቀልኩት። በክሩ ሲታይ ፎቶህ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ እንዳለ ትቼዋለሁ። ማታ ለእራት ስቀመጥ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልዬ አነሣና እጄ ወደ ማን እንደሚዘረጋ ይጠፋዋል። ትንሽ ቆይቼ ራሴው እጎርሳታለሁ። እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ያቺን አፍታ ላንተ ነው የማቆያት።

ያንተው በላይነሽ