እንጦጦ ኮይን

ሰኞ
እኔ ሶስና በቀለ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፦ የአባዬን የግድግዳ ካላንደር ከግንቦት እስከ ጳጉሜ ገንጥያለሁ። ጠንካራ ወረቀት ከየት ይምጣ? ለትምህርት ቤት ክበባችን ስለ ክሪፕቶ፣ ማለትም ስለ ኢንተርኔት ገንዘብ፣ የሚያስተምር የሰሌዳ ጨዋታ እየሠራሁ ነው።

ዳይስ እየጣልክ ከሲግናል ሰፈር እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን ትወጣለህ። መንገድ ላይ ኮይን ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ። የይለፍ ቃልህን ለሰው ከነገርክ ወደ ሲግናል ቁልቁል። ዋናው ወጥመድ እኔው የፈጠርኩት እንጦጦ ኮይን ነው። በየዙሩ እጥፍ ይሆናል፤ የመጨረሻው ካርድ ሲገለጥ ሻጩ ስልኩን አጥፍቶ ይሰወራል። ትምህርቱ እሱ ነው።

ትናንት በአባዬ እቁብተኞች ላይ ሞከርኩት። የእቁቡ ዳኛ ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ዳይስ ከመጣላቸው በፊት ያማትባሉ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው እትዬ ብርቄ ሦስቴ እጥፍ ሲሆንላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ባለሀብት ተቀመጡ። የመጨረሻውን ካርድ ልገልጥ ስል የለቅሶ ስልክ ተደወለ። ሁሉም ብድግ ብለው ሄዱ።

ማክሰኞ
ሳሙና ልገዛ ስሄድ እትዬ ብርቄ፣ “እንጦጦ ኮይኔ ዛሬ እንዴት አደረ?” አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ረቡዕ
አባዬ ለእማዬ ሲያወራ ሰማሁ። ጋሽ መኮንን ሲግናል አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄደው “እንጦጦ ኮይን አለ?” ብለው ጠይቀዋል። ሰውየው “አለ፤ እንዲያውም ዛሬ ጨምሯል” ብሏቸዋል።

የሰሌዳዬ ሙጫ እንኳ ገና አልደረቀም።

ሐሙስ
ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። በዚህ ዙር ዕጣ ያልወጣላቸው እሱና እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። እሁድ ለማንኛቸውም ቢወጣ እንጦጦ ኮይን እንዲገዛላቸው ብሩን ለሲግናሉ ሰውዬ ሊሰጡ ተማምለዋል። እትዬ ብርቄ ያንን ዕጣ ለሱቃቸው ፍሪጅ ነበር የሚጠብቁት።

“እኔ ነኝ የፈጠርኩት” አልኩት።
“የኬሚስትሪ ውጤትሽንስ ማን ፈጠረው? ጋሽ መኮንን እኮ በአካል ሄደው አረጋግጠዋል።”
የመጨረሻውን ካርድ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና “ይሄማ ጨዋታ ነው” አለኝ።

ዓርብ
ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሴ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር፣ በሽቶ የተነከረ ሰው።
“እንጦጦ ኮይን አለ?”
“ለተማሪ ቅናሽ አለው።”
“የካ ኮይንስ?” ይህንን እዚያው ቆሜ ነው የፈለሰፍኩት።
“አልቋል። ነገ ይገባል።”

ከታክሲ እስክወርድ ስስቅ ነበር። በራችን ስደርስ ግን ትዝ አለኝ፦ እሁድ ዕጣው ሲወጣ ሰውዬው ብሩን ሊወስድ የሚመጣው ቤታችን ነው።

ቅዳሜ
ማንን ያምናሉ?
እኔን፦ አያምኑም።
ዜና፦ ሲሰሙ ይተኛሉ።
ከእቁቡ የዕጣ ጣሳ የወጣ ወረቀት፦ ያለ አንዳች ጥያቄ።

እሁድ
ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነኝ። እማዬ ለእንግዶቹ ቆሎ እያዘጋጀሁ መስሏታል።

ጣሳው ውስጥ የነበሩትን ሁለት ስሞች አውጥቼ ከጨዋታዬ ካርዶች በተረፉ ሁለት ወረቀቶች ተክቻለሁ። አምና አንድ ሰው ጣሳውን አጮልቆ ስላየ ብቻ ጋሽ መኮንን ከእቁብ አስወጥተውታል። እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም።

የሲግናሉ ሰውዬ እትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀምጧል፤ “እናቴ” እያላቸው ነው። ጋሽ መኮንን ጣራ ጣራውን እያዩ እጃቸውን ከተቱ። አወጡ። መነጽር አደረጉ። በሁለቱም ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ “ጮክ ብለው አያንብቡት። ሰውዬውን የካ ኮይን አለህ ወይ ብለው ይጠይቁት። እንደ እንጦጦ ኮይን እሱም በዓለም ላይ የለም፤ ዓርብ ከሰዓት ነው የተፈለሰፈው።”

አባዬ “ለማን ወጣ?” አለ።

ጋሽ መኮንን ወደ ሰውዬው ዞሩ። “ልጄ፣ የካ ኮይንስ አለህ?”
“ትናንት ገባልን ጋሼ። እሱ እንዲያውም ይሻላል።”

ጋሽ መኮንን የብሩን ፌስታል አንስተው ጭናቸው ሥር አደረጉት። ሁለተኛውንም ወረቀት አወጡ። አነበቡ፤ ያው ጽሑፍ፣ ያው የጨዋታዬ ካርድ ወረቀት ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። አሁን ወደ መጋረጃው እያዩ ነው።

“ሶስና በቀለ።”