በቃሌ ያነበብኩት ደብተር

ናዝሬት ላለሽው ለእህቴ ለእትዬ ብርቅአየሁ ይድረስ።

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የሄኒ ነው፤ የልጄ የዮናታን ሚስት። ቃሉ ግን የኔ የወንድምሽ የከፍያለው ነው። እጁ የማን እንደሆነ ያስቀደምኩት ሄኒን ለማመስገን አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ትሰሚዋለሽ።

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የደጁን ደረጃ ብቻሽን ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም ሰው ደግፎሽ ነው? የግራ ዓይንሽ ከተሠራ ወዲህ ብርሃን ያዘልሽ? እንቅልፍሽስ? ስኳር ተዪ ያሉሽን ሰምተሻል ወይስ እንደ ልማድሽ ሐኪሙን እሺ ብለሽ ቤትሽ ስትገቢ የፈለግሽውን ነው የምታደርጊው? እኔ እዚህ ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ ሰፈር፣ ከጨለማው በቀር ደኅና ነኝ። በኅዳር ገና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመሻል። እግሬ ይሄዳል፣ ጥርሴ ሥጋ ይቆርጣል፣ የማንንም እጅ አላይም።

ሄኒ "አባባ፣ ከባድ ነገር ከሆነ በስልክ ቢነግሯቸው አይሻልም?" ብላኝ ነበር። አይሻልም። በስልክ ታቋርጪኛለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ሳይጨርስ መልስ መስጠት ትወጃለሽ። ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ ይሰማል። ዘመናይ የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ ስታነቢላት በሩን ዝጊው። ጎረቤት አይግባ። ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ አትዝለዪ።

ባለፈው ወር ስንደዋወል ገመዳ ታሞ ግማሽ ጎኑ መያዙን ነገርሽኝ። "የእጁን አገኘ" አልሽ። ስልኩ ከተዘጋበት ሰዓት ጀምሮ ሕሩይ ቤቴ ገብቷል።

ዘመናይ፣ አንቺ ሕሩይን አላየሽውም። አጎትሽ ነበር፣ የሁላችን ታናሽ። እናታችን ስትሞት እናትሽ አሳደገችው፣ እኔ ጋሪ እየነዳሁ አስተማርኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ለማትሪክ ሲዘጋጅ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጽፍበት አንድ ወፍራም ደብተር ነበረው። የሚያጠናው ግን ተቀምጦ አይደለም፣ እየተራመደ ነው፤ ስድስት እርምጃ ወደ መስኮቱ፣ ስድስት ወደ በሩ። አንድ ቃል ይጠራል፤ ከዚያ መሰሉን፣ ከዚያ ተቃራኒውን፣ ከዚያ ከዚያው ቃል የሚወጡትን። እኔ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ አንድ ሽምብራ አስቀምጣለሁ። ሽምብራው ከጎደለ አላሳልፈውም፣ እንደገና ነው። "ጋሼ፣ ፈታኙ አንተ ብትሆን አገሩ በሙሉ ይወድቅ ነበር" ይለኝ ነበር። ትርጉሙን አንዱንም አላውቅም። የሰማሁት ነገር ግን አይጠፋኝም፤ አንድ ቀን ከጋሪው ላይ ሆኜ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ከላይ እስከ ታች በቃሌ ስወጣቸው በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ዲቦራ ለዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። እንግሊዝኛ ድሮም ታውቃለች፤ ይሄኛው ረቀቅ ያለው ነው። እሷም እየተራመደች ነው የምታጠናው። ማን አስተማራት? ማንም። ከግድግዳው ወዲያ ቃሉን፣ መሰሉን፣ ተቃራኒውን ስትል እሰማለሁ። አንዳንዴ እሷ ከቤት ወጥታም እርምጃው ይሰማኛል። ተነሥቼ ክፍሏን ከፍቼ አያለሁ። ማንም የለም። ሄኒ ይህን ስትጽፍ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ጻፊ፣ አትፍሪ፣ አንቺን ፈልጎ አልመጣም ብያታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ዲቦራ ወረቀቷን እጄ ላይ አኖረችው። "ፋርፋር" ነው የምትለኝ፣ በነሱ ቋንቋ የአባት አባት ማለት ነው። "ፋርፋር፣ እኔ በቃሌ ልበል፣ አንተ ወረቀቱን እያየህ ስሳሳት አቁመኝ" አለችኝ። መነጽሬን ረሳሁ ልላት ነበር። በዚህ አገር አርባ ዓመት ያኖረኝ ቃል እሱ ነው፤ ሐኪም ቤት መነጽሬን ረሳሁ፣ ባንክ መነጽሬን ረሳሁ፣ ባቡር በማጸዳበትም ቦታ አለቃዬ ወረቀት ሲሰጠኝ መነጽሬን ረሳሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ግን የልጅቷ ወረቀት ልክ እንደዚያ ደብተር ተሰምሮበት ነበርና አፌ እምቢ አለኝ። "ማንበብ አልችልም" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ኢንገን ፋራ" አለች፣ ምንም አይደል ማለቷ ነው። "ታዲያ በጆሮህ ያዝልኝ።" ወረቀቱን ወስዳ ቀጠለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጣራው አልወረደብኝም፣ ማንም አልሳቀብኝም። አባታችን ሲቀበር ያላለቀስኩት ሰውዬ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

አዎ እትዬ፣ ስዊድን ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። በእጄ ጻፍኩልሽ ያልኩሽ ደብዳቤ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ የብርሃነ ሥላሴ እጅ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ይሄ ግን ትንሹ ውሸት ነው።

ትልቁን ስሚ። ጥር ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። አሰሳው ወደ እኛ ቀበሌ ደረሰ ተባለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወረቀት ያቃጥላል። አንቺ እህል ልታስፈጪ ወጥተሻል። ሕሩይ አንድ ቃል ሳይጨርስ "ጋሼ፣ ሽምብራውን አታንሳው፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ" ብሎኝ አብሮት ከሚማረው ከገመዳ ጋር ሊያጠና ወደ እነሱ ቤት ሄደ። ደብተሩ አልጋው ሥር ነበር። ማቃጠል ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ኮራሁበት። ሳይጠረጥሩት በፊት ወንድሜ የትምህርት ሰው መሆኑን ላሳውቃቸው ብዬ ደብተሩን ብብቴ ሥር አድርጌ በገዛ እግሬ ቀበሌ ገባሁ።

ሊቀ መንበሩ ገላለጠውና ምንድነው አለኝ። እንግሊዝኛ ነው አልኩት። አንተ ታነበዋለህ ወይ አለኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ጋሪ ነጂዎቹም አሉ። አላነብም ማለት አቃተኝ። አዎ አልኩ። ደብተሩን ተቀብዬ ገልጬ፣ አባንደን፣ ፎርሴክ፣ ዴዘርት እያልኩ ሕሩይ እንደሚለው አወረድኩት። ሰው አፉን ከፈተ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለካ የገለጥኩት የመጀመሪያውን ገጽ አይደለም፣ የመሃሉን ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ትንሽ የተማረ ነበር። በትከሻዬ አሻግሮ አየና "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ ሰውዬ የሚያነበው ነገር እዚህ ገጽ ላይ የለም" አለ።

ሊቀ መንበሩ የተጻፈው ሌላ ከሆነ የምትሸፍነው ምንድነው አለኝ። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። በቃሌ ነው፣ ፊደል አልቆጠርኩም ብል ኖሮ ስቀውብኝ ያሰናብቱኝ ነበር። መሳቂያ ከምሆን ብዬ አፌን ዘጋሁ። የደብተሩ ባለቤት የት ነው ሲሉኝ ገመዳ ቤት አልኩ።

ሄኒ እዚህ ጋ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። አንሺው አልኳት፣ አነሣችው።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ሁለቱንም ከዚያው ቤት ወሰዷቸው። ማታ ስትጠርጊ ሽምብራ ለምን እዚህ በተናችሁ ብለሽ ከመደቡ ላይ ለቀምሽው፤ እኔ ቆሜ አየሁሽ። ሰባት ቀን ስንቅ አመላለስሽ፣ በስምንተኛው ቀን ሳይከፍቱ መለሱልሽ። የሚቀበር እንኳ አልሰጡንም። ገመዳ በሁለት ወሩ በሕይወት ሲወጣ፣ ሕሩይን ከነሱ ቤት ስለወሰዱት፣ አሳልፎ የሰጠው እሱ ነው ብለሽ ፈረድሽበት። ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ ከደጅ መለስሽው። እናቱን አልቀበርሽም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታዪው ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ትጎትቻለሽ።

ገመዳ ግን ያውቅ ነበር። የተፈታ ሰሞን ጋሪዬን አስቁሞ "የት እንዳለን የነገርካቸው አንተ መሆንህን ነግረውናል። ለእትዬ አልነግራትም፣ የቀራት ወንድም አንተ ብቻ ነህ" ብሎኝ ሄደ። መልስ እንኳ አልጠበቀም። እኔም በወሩ በመተማ አድርጌ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ከደርግ ነው የሸሸሁት ስል ኖርኩ። የሸሸሁት ከሱ ነው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ዘመናይ ትደግፍሽና ነገ ገመዳ ቤት ሂጂ፤ አንደበቱ ሳይዘጋ፣ ጆሮው እየሰማ። ነጠላሽን ከፊትሽ አንሺና ያደረገው ከፍያለው መሆኑን ልጆቹ ባሉበት ተናገሪ። ስሜን አትቆጥቢ። እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ፤ ማርኩህ በዪኝ ብዬ አልለምንሽም። ብትረግሚኝ ድምፅሽን እሰማለሁ፤ ስልክ ባታነሺልኝም ይገባኛል።

ለዲቦራ የማስታውሰውን አርባ ቃል አስጻፍኳት፤ የሕሩይ ነው ብዬ። የመጀመሪያውን፣ የአባንደንን፣ ትርጉም ልትነግረኝ ስትል ተዪው አልኳት። እርምጃው አልቆመም። እንዲቆምም አልለመንኩም።

የዘመናይን ባል ክርስቲያንን ሰላም በይልኝ፤ መኪናውን አያብርር። ልጃቸውን ትንሿን ብርቱካንን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትምህርቷን አጥብቃ ትያዝ። ከላይ ቤት ለምትኖረው ተከራይሽ ለአክበረትም ሰላምታዬ ይድረሳት። ከዚህም ዮናታን ዮርድብሩ በሚባል ቦታ መጋዘን ሥራ ላይ ነው፣ እጅ ነሥቷል፤ ስለዚህ ነገር ገና አያውቅም፣ ማታ እነግረዋለሁ። ዲቦራና ሄኒ ይስሙሻል። ለገመዳ ሰላምታ አልልክም። ለሱ የምልከው አንቺን ነው።

ወንድምሽ ከፍያለው
ሮግስቬድ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄኒ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ያልኩትን አስታውሰሽ አይደለም፤ ወረቀቱን እያየሽ፣ እዚያ ላይ ያለውን ብቻ።