ከፍ እንዳታደርገው

ለውድ ባለቤቴ፣ ለመምህር ይበልጣል፤

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣና መሙላት ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ከደንገሉ ወዲያ ያሉት ደሴቶች በጉም ተሸፍነው አይታዩም። የቤቱን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁና ሲዘንብ ከክፍል ክፍል ባልዲ ይዞ መሮጥ ቀርቷል። ልጃችን የሺ ወንድ ልጅ ወልዳለች። አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው፤ ሲራብም እንዳንተ ቅንድቡን ሰብስቦ ሰውን ይገሥጻል።

ሰሞኑን የዚያን የስብሰባ ቀን ነገር እያስታወስሁ ብቻዬን ስስቅ የሺ ታዝባኛለች።

ሽንትህ ተዘግቶብህ ስትጨነቅ ሐኪሙ ከእምብርትህ በታች ቀዶ ፊኛህ ውስጥ የጎማ ቱቦ ያስገባልህን ጊዜ አልረሳውም። ከቱቦው ጫፍ የሽንት ከረጢት ተንጠለጠለ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተር አበባ አስቀምጣ መከረችን፤ ቱቦውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ውኃ ደኅና አድርጎ ይጠጣ፣ መጋጠሚያውን ያለ ምክንያት አትፍቱት አለችን። ከሁሉም አስጠንቅቃ የነገረችን ግን ከረጢቱን ከፊኛው በላይ እንዳናነሣው ነበር። ከፍ ካለ የወጣው ሽንት ጀርም ይዞ ወደ ውስጥ ይመለሳል አለች።

እጄ እስኪሸበሸብ ታጠብሁ። ሳሙና በሰልፍ የሚገኝ ነበርና ለልብስ የመጣውን ለእጃችን አዋልሁት። ትኩሳቱ ግን መጣ፤ ጥርስህ እስኪንቀጫቀጭ አንዘፈዘፈህ። በመርፌ ዳንህ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሳይደብቅ ነገረን፤ እንደገና ከመጣ ወደ ኩላሊትህ ይወጣል፣ እዚያ ከደረሰ ላያተርፍህ ይችላል አለ።

ምክንያቱን ያገኘሁት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ያስተማርሃቸው ልጆች ሊጠይቁህ ገቡ። በቀኝ እጅህ እየጨበጥሃቸው በግራህ ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ሳብ አደረግህና ጋቢህ ውስጥ፣ ሆድህ ላይ ሸሸግኸው። እነሱ ተጫውተው እስኪሄዱም እዚያው ዋለ። እንግዳ ደግሞ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ለካ ሊገድልህ የነበረው ይሉኝታህ ኖሯል!

"እስቲ ንገረኝ፣ ሽንት የማይሸና ተማሪ አስተምረህ ታውቃለህ?" ብዬ ጮኽሁብህ። ሳቅህ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ያች ግራ እጅህ አላረፈችም። ከአሮጌ ካኪ ሱሪህ ማንገቻው ረጅም የሆነ መያዣ ሰፋሁልህ፤ ከኮትህ ሥር ጭንህ አጠገብ የሚውል። "የመኮንን ቦርሳ አስመሰልሽው" ብለህ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድህ አሳየኸኝ።

ከዚያ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። መቅረት አይቻልም ነበር። በር ላይ የሚፈትሸው የአብዮት ጥበቃ ያስተማርኸው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከኮትህ ሥር ያበጠውን ነገር አይቶ ጠብመንጃውን አስተካከለ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍተሻ ለሁሉም እኩል ነው። ምንድን ነው የያዙት?"

ሰልፉ ከኋላችን ቆመ። ግራ እጅህ ወደ ማንገቻው ስትሄድ አየሁ። በቃ፣ ሰብስቦ ወደ ሆዱ ሊወስደው ነው፣ ያ ትኩሳት ሊመጣብን ነው ብዬ ክንድህን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። አንተ ግን ማንገቻውን ለቀቅህና ኮትህን ገለጥህ።

"ፈትሽ ልጄ፣ ደኅና አድርገህ ፈትሽ። ብቻ ከፍ እንዳታደርገው፣ ሲስተር ትቆጣኛለች።"

መያዣውን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ወደ ኋላ ዘለለ። "ኧረ መምህር! ሽንት ነው እኮ!"

"ታዲያ ምን መስሎህ ነበር፣ ቦምብ?"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤታችን እማሆይ ብርቄ ከኋላ ሆነው፣ "አይዞዎት መምህር፣ እኛስ ቤት ትተነው የመጣን መሰለዎት?" ሲሉ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከውስጥ ሳቃቸውን ለቀቁት። አንተም እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። ካገባሁህ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ሁሉ አወቀ፤ የምትደብቀው ነገር ቀረ። ሊጠይቁህ የሚመጡት ልጆች አንተን ሰላም ከማለታቸው በፊት አጎንብሰው ከረጢቱን ያያሉ፤ "ዝቅ ብሏል መምህር" ይላሉ፣ አንተም "ጎበዝ" ትላቸዋለህ። ትኩሳቱ አልተመለሰም። ለበዓል ወደ ዘጌ በታንኳ ስንሻገር ቀዛፊው የደንገል እስር ደራርቦ ከፍ ያለ መቀመጫ ሠራልህ፣ ከረጢቱ ካንተ ዝቅ ብሎ እንዲውል። መንገዱን ሁሉ ስትዘፍን ሄድህ፤ ድምፅህ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አያምርም ነበር።

ከዓመታት በኋላ የወሰደህ ልብህ ነው፣ ተኝተህ ሳለህ። ቱቦህ እስከ መጨረሻዋ ቀን ንጹሕ ነበር።

አሁን አዲስ ቱቦ የገባለት ሰው ሲኖር ሲስተር አበባ ታስጠራኛለች። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያንተን ነገር አጫውተዋለሁ። መጀመሪያ ያፍራል፣ ፊቱን ያዞራል። ቦምቡ ላይ ስደርስ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ የሸሸገውን ቀስ ብሎ አውጥቶ ወደ ታች ያወርዳል።

ይበልጣል፣ ለተዝካርህ አልቅሻለሁ፣ የሚገባህን ያህል። ከእንግዲህ ግን አፌ እስከተናገረ ድረስ ባንተ ስም ሰው አስቃለሁ። አልረሳህም።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ