የድምፅ ማጉያ ተከላ ኃላፊያችን እትዬ ሁለቴን ስለማጣታችን

ለአዳራሹ ሠራተኞች፣ ለመድረክ ባለሙያዎችና ለታዳሚዎቻችን በሙሉ፤

የአዳራሻችን የድምፅ ማጉያ ተከላ ክፍል ኃላፊ የነበሩት እትዬ ሁለቴ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በመዝገብ ስማቸው ብንጠራቸው ግማሾቻችን «ማን ናቸው?» እንል ስለነበር፣ ይህን መግለጫ በምናውቃቸው ስም አውጥተናል። ኀዘናችን ከባድ ነው። ዜናው የተሰማ ዕለት የመድረክ ሠራተኞቻችን እጃቸው ሥራ አልይዝ ብሏቸው ነው የዋሉት።

እትዬ ሁለቴ ወደ ተቋማችን የመጡት በልብስ ሰፊነት ነበር። የመድረኩን መጋረጃ ከሰፉ በኋላ አሰቃቀሉን ለማየት መሰላል ላይ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ስፌት ክፍል የመለሳቸው የለም። አስፈላጊውን ሥልጠና ወስደው ወደ ተከላ ክፍል ተዛወሩ።

ክፍሉን መምራት እንደጀመሩ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ከዋናው መስቀያ በተጨማሪ ከሌላ ብረት ጋር ለብቻው በሚታሰር ሁለተኛ የብረት ገመድ እንዲያዝ አደረጉ። መጠሪያቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። «አንዱ ቢከዳን ሌላው ይያዘው፤ ከስር እኮ የሰው ልጅ ነው ያለው» ይሉ ነበር።

ጣሪያው በታደሰበት ዓመት ማጉያዎቹ ከአዲሱ ኮርኒስ ላይ እንዲንጠለጠሉ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «ኮርኒሱ ራሱን ከቻለ ይበቃዋል» ብለው አልተቀበሉትም፤ በስተው ከላይ ካለው ተሸካሚ ብረት ጋር አሰሩ። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ስለተበሳባቸው ቀቢዎቹ አኩርፈው ወጡ። በኋላ የቀዳዳዎቹን ዙሪያ አሳምረው የሸፈኑት ራሳቸው እትዬ ሁለቴ ናቸው፤ ኩርፊያውም በዚያው በረደ።

ክፍሉ እስከ ዛሬ የሚመራበትን አሠራር የተከሉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው የጀመረውን ተከላ ሌላው ከመሃል ተቀብሎ አይጨርስም። ጀማሪው ቢታመም ወይም ቢሄድ ማጉያው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ተተኪው እያንዳንዱን ቡሎን በእጁ ነክቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። የትኛው ቡሎን እንደጠበቀ፣ የትኛው ለነገ እንደተተወ የሚያውቀው ጀማሪው ብቻ ነውና። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር አሰልችቶናል፤ ዝግጅትም አዘግይቶብናል። በታዳሚ ራስ ላይ ግን አንዳች ነገር ወድቆ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ከፊት ወንበሮች በላይ የሚሰቀሉትን አዳዲስ ትልልቅ ማጉያዎች መትከል ጀምረው ሳለ ሕመሙ ከመሃል አስተኛቸው። ድነው ይመለሳሉ ብለን ማውረዱን ስላዘገየነው፣ ማጉያዎቹ ዛሬም በዋናው መስቀያ ብቻ ተንጠልጥለው ይገኛሉ።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው፣ ስንብቱ በአዳራሹ እንዲደረግና የሚስታቸው የመጨረሻ ሥራ ድምፅ አውጥቶ አንድ ጊዜ እንዲሰሙት ለምነውን ነበር። እኛም አንጀታችን አልችል ብሎ ሁለተኛውን ገመድ አስረን ልናስደስታቸው ተነሳን። እሳቸው ግን ገብተው ቀና ብለው አዩና «እሷ የጀመረችውን ማን ሊጨርሰው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እኛ መሆናችንን ስንነግራቸው «ተዉት ልጆቼ። ድምፁን መስማቱ ይቅርብኝ፤ ሰው ከስሩ አይቀመጥ» አሉን።

በመሆኑም የስንብት ሥነ ሥርዓቱ በአዳራሹ ግቢ፣ በደጅ እንደሚከናወን እናስታውቃለን። አዳራሹ ዝግ ይሆናል። ማጉያዎቹ ከቀብሩ ማግስት አንድም ድምፅ ሳይለቀቅባቸው ይወርዳሉ፤ እትዬ ሁለቴ ያጠበቋቸው ቡሎኖችም ይፈታሉ። ሥራው ለሚሠሩት ባልደረቦቻቸው እጅግ ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ከልብ እንመኛለን። ባለቤታቸው ማጉያዎቹ ሲወርዱ ማየት እንደሚፈልጉ ነግረውናል። ወንበር ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ሥር።

የአዳራሹ አስተዳደርና ሠራተኞች